እህተማርያም የገዛችው አየር

እንጅባራን የሚያውቅ ሰው ብርዷን ያውቃል። እህተማርያም ግን ብርዱ ከከተማው ሰው ሁሉ እሷን ለይቶ የሚፈልጋት ይመስላታል። ከሦስት ዓመት በፊት አንገቷ አልዞር ብሏት አንድ ሳምንት ስትሰቃይ፣ "ይቺ መስኮት ናት የመታችኝ" ብላ የሳሎኗን መስኮት በሚስማር አስመታች። ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ ወተፈች፤ የከሰል ምድጃዋን መሀል ቤት አኑራ ትሞቅ ጀመር። ከሰል እንደሆነ በአገሩ ሞልቷል፤ የግራር ችግኝ ያልተከለ፣ ከሰል ያላከሰለ ገበሬ የለም።

ጣጣው የመጣው በመስቀል ነው። ዳንግላ ያገባችው አንዲት ልጇ ናርዶስ፣ የስምንት ወር ልጇን ጸጋአብን ይዛ ለበዓሉ መጣች። በሁለተኛው ቀን የሕፃኑ ደረት ሲር ሲር ይል ጀመር፤ ሲተነፍስ ጎድኑ ይቆጠራል። ሆስፒታል ተወስዶ ተረፈ። ሐኪሙ ግን ናርዶስን፣ "ከሰል ከሚነድበት፣ ከታፈነ ቤት ሁለተኛ እንዳታስገቢው" ብሎ አስጠነቀቃት።

"እማዬ፣ ምድጃው ካልወጣ፣ መስኮቱም ካልተከፈተ ከእንግዲህ ይዤው አልመጣም" አለች ናርዶስ፣ ልጇን አቅፋ ሚኒባስ ልትሳፈር ስትል።

"አንቺን በዚሁ ከሰል አሳድጌሽ የለም እንዴ?"

"ያኔ አላወቅንም።"

እህተማርያም ተቀየመች። ቂሟ ግን ቤት እስክትደርስ እንኳ አልቆየላትም፤ ሶፋው ላይ የሕፃኑን ነጭ የለሀጭ መጥረጊያ ተረስቶ አገኘችው። አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጁ ናፍቆት አንጀቷን ይበላው ጀመር።

አንድ ቀን ሬዲዮ ስትሰማ፣ የቤት ውስጥ ተክል አየር ያጣራል፣ ለጤናም ይበጃል ተባለ። ተናጋሪው "መስኮት ከመክፈት ጋር" ማለቱን ጆሮዋ አልተቀበለውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ የምትወደውን ግማሽ ይዛ ተነሳች። ምድጃው ሳይወጣ፣ መስኮቱም ሳይከፈት ልጁ ሊመጣላት ነው! በማግስቱ መንገድ ዳር አበባ ከሚሸጠው ከሽባባው አምስት ቆርቆሮ ተክል ገዝታ በባጃጅ አስመጣች። አንዱ እሬት ነው፤ ሁለቱ ቅጠላቸው እንደ ጎራዴ የቆመ፣ የቀሩት ፀጉሯን እንደፈታች ሴት ወደ ታች የተንዠረገጉ። ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣቻቸው። ብርድ እንዳይመታቸው ብላም ወደ ምድጃው አስጠጋቻቸው።

"አየሩን አስተካክዬዋለሁ፤ ለኅዳር ጽዮን ይዘሽው ነይ" ብላ ለናርዶስ ደወለች።

"እሺ፣ ግን መጀመሪያ እኔ ገብቼ አያለሁ" አለች ናርዶስ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ፤ እሬቱ ከሥሩ ላሸቀ። ጽዮን እየቀረበ ነው። እህተማርያም በንዴት ሽባባውን ከመንገድ ጠርታ አመጣችው።

"ምነው አንተ ሰው? የሞተ ተክል ትሸጥልኛለህ?"

ሽባባው ገና በሩን ሲያልፍ ሳል ያዘው። አፈሩን በጣቱ ነካ፤ ምድጃውን አየ፤ የተቸነከረውንም መስኮት አየ። ነገረኛ ሰው አይደለም።

"እትዬ፣ እስኪ ነጭ ጨርቅ ያቀብሉኝ" አላት።

እህተማርያም በንዴቷ ላይ ሆና መቀነቷ ውስጥ እጇን ሰደደችና ያገኘችውን ሰጠችው። ሽባባው አንዱን ሰፊ ቅጠል ጠርጎ ጨርቁን ዘርግቶ አሳያት። ጠቁሯል።

"የሦስት ሳምንት ነው ይሄ" አለ። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው፣ እትዬ። ተክሉ ብርሃንና አየር ነው ያጣው፤ ውሃውም በዝቶበታል። ይሄን ጥላሸት ግን አምስት ቆርቆሮ ቀርቶ የዘንገና ጫካ ተነቅሎ እዚህ ቢገባ አይችለውም።"

እህተማርያም ወደ ጨርቁ ጠጋ አለች። የያዘው ጨርቅ የማን እንደሆነ ያየችው ገና አሁን ነው። ቅጠሉንስ ጠረጉት፤ የልጁ ደረት በምን ይጠረጋል? ያ ሲር ሲር የሚለው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ መጣባት። አፈረች፤ ከማፈሯም በላይ ፈራች።

"ልጁን ያሳመምኩት እኔ ነኝ" አለች።

"አላወቁማ።"

"ኧረ ተነግሮኛል! ነግራኛለች እኮ!" እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "በል፣ ጉጠት ፈልግና ያንን ሚስማር ነቅለህልኝ ሂድ።"

ሚስማሩ ዝጎ ነበርና እምቢ እያለ ወጣ። መስኮቱ ሲከፈት ብርዱ ሦስት ዓመት ደጅ እንደጠና ባለጉዳይ ሰተት ብሎ ገባ። እህተማርያም በአንገቷ ጋቢ ጠምጥማ ምድጃውን በገዛ እጇ ወደ ውጭው ማድ ቤት ወሰደች። ተክሎቹን መስኮቱ ሥር ደረደረች። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ያንን የለሀጭ መጥረጊያ አጥባ ቅጠሎቹን ትጠርግበታለች። በመጀመሪያው ሳምንት ጨርቁ እየጠቆረ ወጣ፤ በሁለተኛው አመድ መሰለ። እሬቱ ሞተ፤ አራቱ ግን አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

የጽዮን ዕለት ባጃጅ ደጃፏ ላይ ቆመ። ናርዶስ ልጁን ለባሏ አስይዛ ብቻዋን ገባች። የተከፈተውን መስኮት አየች፤ ምድጃው የነበረበትን ቦታ አየች። እህተማርያም ሁለት ሹራብ ደርባ ቆማለች፤ "ልጁን አስገቢው" ለማለት ግን አልደፈረችም። ጨርቁን ከመቀነቷ አውጥታ ሰጠቻት።

"ቅጠሉን ጥረጊውና እዪው።"

ናርዶስ ጠረገች። ጨርቁን አገላብጣ አየችው፤ ነጭ ነው።

"ይሄ የጸጋአብ አይደለም እንዴ?"

"የሱ ነው።"

ናርዶስ ጨርቁን እንደያዘች ወጣች። እህተማርያም የባጃጁ ሞተር ይነሳል ብላ በቆመችበት ጠበቀች። ናርዶስ ልጁን ይዛ ተመለሰችና እናቷ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠችው።

"እማዬ፣ እጅሽ በረዶ ሆኗል! መስኮቱን ትንሽ ልዝጋው?"

"ተዪው" አለች እህተማርያም፣ ሕፃኑን ጋቢዋ ውስጥ እያስገባች። "ብርዱ እንደሆነ የሚፈልገው እኔን ነው።"

ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ደረቱ ላይ አደረገች። ሲር የሚል ነገር የለም። ቢሆንም ጆሮዋን ቶሎ አላነሳችም።