ሦስት መቶ ግራም ምራቂ

ሙጀሂድ ላፕቶፑን ወደ ንጋት አዞረና በእስክሪብቶው ጫፍ ሰባተኛውን አንቀጽ ነካ።

"ይቺን አንብቢያት። ካንቺ ነው የወጣችው።"

"ከእኔ?"

"ታዲያ ከእኔ ነው? ሁለት ገጽ ሙሉ ማን ጻፈላቸው?"

ንጋት አነበበች። "ሻጭ በእያንዳንዱ የሃምሳ ኪሎ ጆንያ ላይ ሦስት መቶ ግራም ሽምብራ በምራቂነት ይጨምራል። ምራቂ ያልተጨመረበት ጆንያ ሁለተኛ ደረጃ ተብሎ ይመዘገባል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወርዳል።"

ደግማ አነበበችው። አልተለወጠም።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። ንጋት በኃላፊነት ከምትሠራበት ከቢቸናው የግዢ መጋዘን የተጫነ ሽምብራ ወደብ ላይ ሲመዘን፣ ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ ጆንያ አንዱም ልክ አልነበረም። ሁሉም ይበልጥ ነበር። ሮተርዳም ያለው የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ሌብነትን የሚመረምርበት ደንብ ነበረው፤ ቸርነትን የሚመረምርበት ግን አልነበረውም። ስለዚህ በሌብነቱ ደንብ መረመረው። ሚዛኑ ተፈታትቶ ተገጠመ። ሦስት ሰዎች በስክሪን ላይ ተደርድረው ንጋትን ጠየቋት።

"ከዚህ ማን ተጠቀመ?"

"ማንም።"

"ማንም ካልተጠቀመ ለምን ተደረገ?"

ለዚህ መልስ ስትል ነው ሁለት ገጽ የጻፈችው። በዚህ አገር ሻጭ መዝኖ ሲያበቃ፣ የጆንያው አፍ ከመሰፋቱ በፊት፣ አንድ እፍኝ ይጨምራል፤ ልኩን ብቻ ሰጥቶ መለየት ነውር ነው፤ ማንም አያዝዘውም፤ ማንም አይመዘግበውም። ከልቧ ነበር የጻፈችው፤ ሥራዋንም አዳነችበት።

ዋናው መሥሪያ ቤት ጽሑፉን ወደደው። በጣም ወደደው። የባህል አማካሪ ቀጠረ። አዲሱ የሽምብራ ከረጢት ላይ "ምራቂ" የሚለውን ቃል በአማርኛ ፊደል አሳተመ፤ ከሥሩም እጅ አሣለ። ከዚያ አንድ ጠንቃቃ ሰው አንዱ ጆንያ ላይ ሁለት እፍኝ፣ ሌላው ላይ ግማሽ ቢሆንስ ብሎ ጠየቀ። የቸርነቱ ልክ ተወሰነ።

"ሻጮቹ ዛሬ ካልፈረሙ ግዢው ለከርሞ ወደ ሌላ ዞን ይሄዳል" አለ ሙጀሂድ። የሞጣ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ሲጨንቀው የቢሮውን መስኮት ይከፍትና ይዘጋል። አሁን ከፈተው። "መጋዘኑ ይዘጋል፤ አንቺም ወደ ቤትሽ።"

"ገበሬውስ?"

"ድሮ ለማን ይሸጥ ነበር? ሚዛናቸው ለሚያነክስ ነጋዴዎች ነዋ።"

"አባትህ ይህን ቢሰሙ ምን ይላሉ?"

የሙጀሂድ አባት ጋሽ ሰይድ ሞጣ ገበያ ውስጥ አርባ ዓመት ቅመም ሸጠዋል። ሚዛኑ ካረፈ በኋላ ጣታቸው ወደ ጆንያው ሳትመለስ ወረቀቱን አጥፈው አያውቁም።

"አባቴ እጁን እንጂ አንቀጽ አያውቅም" አለና መስኮቱን ዘጋው። "ንጋትዬ፣ ስሚኝ። ሰባተኛው ላይ ስትደርሺ 'ኩባንያው ባህላችሁን አክብሯል' ብለሽ እለፊው። ውሸት አይደለም።"

"እውነትም አይደለም።"

"ጥሩነቱ እኮ እሱ ነው።"

ስትወጣ አንድ ካርቶን አሸከማት። ውስጡ ሰማያዊ የፕላስቲክ ኩባያዎች ነበሩ፤ በያንዳንዱ ላይ ሦስት መቶ ግራሙን የሚያሳይ ቀይ መስመር፣ ከመስመሩ በላይ ያው የእጅ ሥዕል። ካርቶኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሚኒባስ ደብረ ወርቅን አልፋ ቢቸና እስክትደርስ ኩባያዎቹ ሲንኳኩ ሰማች።

ስልሳ ሁለቱ ሻጮች መጋዘኑ ደጃፍ ላይ፣ ገሚሱ በጆንያቸው ላይ ተቀምጠው፣ ይጠብቋት ነበር። ከፊት የተቀመጡት ሰብሳቢያቸው መሪጌታ ፋንታ ናቸው፤ ጠዋት ቅኔ ያስተምራሉ፣ ከሰዓት ያርሳሉ። ሁሉም የኔታ ይላቸዋል።

ንጋት ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው አንቀጽ አነበበች። ጥሩ አንቀጾች ነበሩ፤ ሚዛኑ በየወሩ ይፈተሻል፣ ክፍያው በዕለቱ ይፈጸማል። ሰባተኛው ላይ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ሰባተኛው... ኩባንያው ባህላችሁን አክብሯል። ምራቂን ተቀብሏል። መጠኑ ሦስት መቶ ግራም ነው።"

አንዳንዶች አጨበጨቡ። እትየ አምሳለች ግን እጇን አነሳች።

"ሦስት መቶ ግራም ስንት እፍኝ ነው?"

"እንደ እጁ ነዋ!" አለ ከኋላ ይታገስ የሚባል ጎረምሳ። "ባንቺ እጅ ከሆነ አምስት እፍኝ ነው፤ ባለፈው ጤፍ ስትሸጪልኝ አይቼዋለሁ።"

"አንተ ቀጣፊ! አንተ እኮ ሦስቴ ጨምሪ ብለህ ነው የሄድከው!"

ሳቁ እስኪበርድ ንጋት አንዱን ኩባያ ከካርቶኑ አውጥታ ለየኔታ ሰጠቻቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አገላበጡት።

"ይህ የማን እጅ ነው?"

"የናንተ ነው የኔታ። ማለት... እናንተን ለማሳየት ነው።"

"የሚያምር እጅ ነው። ሽምብራ ነቅሎ አያውቅም።" የራሳቸውን መዳፍ ከሥዕሉ አጠገብ ዘረጉት፤ የሽምብራው ጨው የላጠው ጣት፣ ጫፉ የተሰነጠቀ። "ባንጨምርስ ልጄ?"

"እህ?"

"ሦስት መቶውን ባንጨምር ወረቀቱ ምን ይላል?"

ንጋት ወረቀቱን አየችው። ሙጀሂድ መስኮቱን ሲከፍትና ሲዘጋ ታያት። የኔታ ከእሷ ይልቅ ፈጥነው ማንበብ እንደሚችሉ ታውቃለች፤ እጃቸውን ግን ወደ ወረቀቱ አልዘረጉም። ከእሷ አፍ ሊሰሙ ነው።

"ጆንያው ሁለተኛ ደረጃ ይባላል" አለች። "ዋጋው ይወርዳል።"

ያጨበጨቡት ሰዎች እጃቸውን የሚያደርጉበት አጡ።

"ማን ነገራቸው?" አለች እትየ አምሳለች ቀስ ብላ። "ፈረንጅ ይህን ከየት አወቀ?"

"እኔ ነኝ የጻፍኩላቸው። ሌባ እንዳይሏችሁ ብዬ።"

ማንም አልተቆጣትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። የኔታ ተነሡ፤ አምስት ሰዎች ተከትለዋቸው ከመጋዘኑ ግድግዳ ጥግ ቆመው ተመካከሩ። ሲመለሱ የኔታ አልተቀመጡም።

"ሲጠይቁን እንጨምራለን፤ ሳይጠይቁንም እንጨምራለን። ታዘን ግን ጨምረን አናውቅም። እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ጆንያው ሃምሳ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ነው ብለሽ ጻፊው። እንሰፍራለን፤ ሚዛናችሁ አያነክስም፣ ልጆቻችንም መማር አለባቸው። ስሙን ግን መልሱልን።"

"ምኑን የኔታ?"

"ምራቂ የሚለውን። እሱ ከወረቀቱ ይውጣ።"

"ከረጢት ላይ ታትሟል እኮ። ሮተርዳም ላይቀበሉት ይችላሉ።"

"ላይቀበሉ ይችላሉ" አሉ የኔታ። "የነሱ ፈንታ ነው።"

ንጋት እስክሪብቶዋን አውጥታ ቃሉን ሁለቱም ቦታ ላይ ሰረዘችው፤ 'ሃምሳ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም' ብላ ጽፋ ከጎኑ ፈረመች። ከዚያ ስልሳ ሁለቱም በየተራ ፈረሙ፤ ገሚሱ በጣት።

ምዘናው በየኔታ ጆንያ ተጀመረ። ጆንያው ሚዛኑ ላይ ሆኖ በሰማያዊው ኩባያ እየቀዱ፣ እየቀነሱ፣ አንዲት ፍሬ እንኳ ሳትበልጥ ሃምሳ ኪሎ ከሦስት መቶ ላይ አቆሙት። ክብደቱን የሚመዘግበው ታብሌት ልኩ ሲደርስ አረንጓዴ አበራ። ንጋት የጆንያ መርፌዋን ይዛ ጠበቀች። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት የኔታ አንድ እፍኝ ሊጨምሩ ወደ እንቅባቸው ጎንበስ ይላሉ።

አላሉም። ኩባያውን መለሱላትና እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

"ጨረሱ የኔታ?"

"ሞላ አይደል?"

ሞልቷል። ወረፋ የያዙት ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ጆንያውን አዩ። ንጋት መርፌውን ወደ ጆንያው አፍ አስጠግታ ቆመች፤ ልትሰፋው አልቻለችም። ኩባያውን ካርቶኑ ውስጥ ወረወረችና ገበያ እንደ ወጣች ሴት ወገቧን ያዘች።

"ኧረ የኔታ! በዚህ ሊሸኙኝ ነው? ትንሽ ይጨምሩልኝ እንጂ!"

የኔታ ቀና ብለው አዩዋት። ቆይተው፣ አንድ እጃቸው ከጋቢው ወጣ፤ እንቅቡ ውስጥ ገባ፤ ሽምብራው ጆንያው ላይ ፈሰሰ። ምን ያህል እንደሆነ ማንም አላየም።

ታብሌቱ ቀይ አበራና መጮህ ጀመረ። ንጋት በፊቱ ደፋችውና መስፋት ጀመረች።