መሰንቆውና የእማማ ሰይዳ ጉልበት

ኃይለልዑል መሰንቆውን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ከጎባ ሮቤ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰ። ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያስተምራል። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ሐሳቡ ሁሉ አንድ ነበር፤ ነገ አዲስ አበባ የመጨረሻዋ እህቱ ትዳራለች። የታላላቆቿን ሰርግ በሙሉ አባታቸው በዚህ መሰንቆ አድምቀውታል። እሳቸው ካረፉ ዓመት ሆናቸው። ለሙሽራዋ «የአባባን መሰንቆ እኔ እጫወትልሻለሁ» ብሎ ቃል ገብቷል፤ ቃል መግባት ከመጫወት ይቀላል።

ፈታሹ ጉሉማ መሰንቆውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና፣ «ረጅም ዕቃ ከሻንጣ ጋር ነው የሚጫነው» አለ።

«ነገ በእህቴ ሰርግ የምጫወተው፣ አባቴ የተዉልኝ ነው፤ አንገቱም ተሰብሮ የተጠገነ። ሻንጣ ከወደቀበት አለቀለት።»

«መምህር፣ ሰርጉን አልከለከልኩም። ዱላ የሚመስል ነገር ነው የከለከልኩት።»

ከኃይለልዑል ኋላ ለሕክምና የሚሄዱት የጎሮዋ እማማ ሰይዳ ቆመዋል። በእጃቸው የሼህ ሁሴንን መቃብር የሚሳለሙ ዘያሪዎች የሚይዙት፣ ጫፉ ባላ የሆነ ዱላ አለ። ጉሉማ ጎንበስ ብሎ ዱላውን ሳመና «ይለፉ» አላቸው። ባሌ ውስጥ ያን ዱላ የያዘ ሰው የሚያስቆም ፈታሽ ገና አልተወለደም።

እማማ ሰይዳ ግን አላለፉም። መሰንቆውን ከኃይለልዑል እጅ ወሰዱት።

«አዮ፣ እናቴ፣ ይሄ እኮ መሰንቆ ነው» አለ ጉሉማ።

«ሁለቱንም ጉልበቴን ያመኛል። ዱላዬ ደግሞ አንድ ነው።»

ጉሉማ ጣሪያውን አየ። ጣሪያው ላይ መመሪያ አልተጻፈም። «ቶሌ አዮ፣ እሺ ይለፉ» አለ።

የኃይለልዑል ደስታ እስከ አውሮፕላኑ መሰላል ድረስ ቆየ። እዚያ ሲደርስ ሴትዮዋ ደልደል ያሉ መሆናቸውን አስተዋለ። «ልደግፍዎት?» ቢላቸው፣ «ጉሉማ እያየ ነው፤ ዝም ብለህ ውጣ» አሉት። በየደረጃው «ቀጭ» የሚል ድምፅ እየጠበቀ ተከተላቸው።

ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ «እንካ» አሉት። አገላብጦ ቢያየው አንድ ጭረት የለበትም። ቀና ሲል የእማማ ሰይዳ እግሮች ይንቀጠቀጣሉ፤ ላባቸው ከሻሻቸው ሥር ይወርዳል።

«ሕመሙ እውነት ነው እንዴ?» አለ ደንግጦ።

«የሼህ ሁሴንን ዱላ ይዤ እዋሻለሁ?»

«ታዲያ ለምን አልተደገፉበትም?»

«ጉልበቴን ያመኛል አልኩ እንጂ እደገፍበታለሁ አልኩ? የአባቴ ነው ስትል ሰምቻለሁ።»

ኃይለልዑል አፈረ፤ እንባውም መጣ፤ በመስኮት የሲናናን ስንዴ የሚያይ መሰለ።

አዲስ አበባ ሲወርዱ መሰንቆውን አንግቶ ትከሻውን ሰጣቸው። እማማ ሰይዳ መሰላሉ እስኪያልቅ ድረስ በሙሉ ክብደታቸው ተደገፉበት።