ወገቤን ያዳነው ትራስ

እኔ አራጌ አጭር ነኝ፤ ደብቄም አላውቅ። ቆቦ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፕ እመታለሁ። ጠረጴዛውን ያሠሩት ግን ለቀድሞው ጸሐፊ፣ ለዚያ ለሎጋው ነው። ታይፑ አገጬ ሥር ይደርሳል። እጄን ሰቅዬ ስመታ እየዋልኩ ወገቤ አላስቀምጥ አላስቆም አለኝ። ጠበል ተጠመቅሁ፣ በዚያ ችጋር ቅቤ ፈልጌ ታሸሁ። ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ ዋጃ ድረስ ወርጄ ወጌሻ ሰላሁዲንን ለመንኩት። ጀርባዬን ዳበስ ዳበስ አደረገና አጥንቴ ደህና ነው፣ የታመመው ወንበሬ ነው አለኝ። ክርኔ ከጠረጴዛው እኩል እስኪሆን መቀመጫዬን ከፍ እንዳደርግ አዘዘኝ። ለዚች ምክር ዶሮ ተቀበለኝ፣ የማያፍር።

ትራስ ከየት ይምጣ? ቢሮው የሞላው ማመልከቻ ብቻ ነው። ስልሳ አምስት መውጫው ላይ ነን፤ ዝናቡ ቀርቶ የራያ ቆላ ሰው በየወረቀቱ ጣቱን እያተመ ተርበናል፣ የመንግሥት ጎተራ ይከፈትልን ይላል። አለቃዬ አቶ ይርጋ ደግሞ የረሀብ ወሬ ወደ ላይ መላክ አይወድም፤ አስቀምጠው ይለኛል። እኔም ወንበሬ ላይ ደረደርኩት። በሳምንቱ ወገቤ ተፈታ፤ ደስ አይልም? ለባልደረቦቼ ሁሉ ስለ አቀማመጥ መስበክ ጀመርኩ።

ዘኪያ የምትባል የዋጃ ሴት ግን በየሳምንቱ እየመጣች የመንደሯ ማመልከቻ የት እንደደረሰ ትጠይቀኛለች። እኔ ተመቻችቼ እንደተቀመጥኩ እየታየ ነው እላታለሁ።

አንድ ቀን ከደሴ ሹም መጣ። ያመለከተ ካለ ጎተራውን ዛሬውኑ አስከፍታለሁ አለ። አቶ ይርጋ አንድም ሰው አላመለከተም ብሎ ማለ፣ እኔ ላይም ዓይኑን አፈጠጠ። እንጀራዬ በእጁ ነው። በሩ ላይ የቆመችውን ዘኪያን አየኋት፤ ካለፈው ሳምንት ግማሽ ሆናለች። በራሴ አፈርኩ። የመጣው ይምጣ ብዬ ተነሣሁና ክምሩን ሹሙ ፊት አኖርኩት። የቂጤ ቅርጽ ወጥቶበታል። ሹሙ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጥቂቱን አነበበ፣ ከዚያ ሳቁም ጠፋ፤ ጎተራው እንዲከፈት ፈረመ። አቶ ይርጋም መባረሬን በጆሮዬ ነገረኝ።

እንኳን ደስ ያለሽ ልላት ወደ ዘኪያ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ አላህ ይስጥዎ» አለችኝ። «ከሥር ያለችዋን የመንደራችንን ወረቀት ግን ይመልሱልኝ። ባሌ ከመሞቱ በፊት ያተመባት ናት፤ ከሱ የቀረኝ የጣቱ ምልክት ብቻ ነው።»