የግድግዳው ማዶ

ጋሽ ዓሊዪ ስልክ ሲደውሉ ሰላምታ ሳያስቀድሙ ወደ ነገር ገብተው አያውቁም። የእናትን ጤና፣ የልጅን ትምህርት፣ የዝናቡን ሁኔታ ጠይቀው፣ አልሐምዱሊላህ ብለው ነው ወደ ሥራ የሚመጡት። የዚያን ማክሰኞ ረፋድ ግን «ኤልሳዕ፣ ና» አሉና ዘጉት።

አርክቴክቱ ኤልሳዕ፣ ሸዋ በር አጠገብ ካለው ቢሮው ተነስቶ በግንብ ወደታጠረው አሮጌ ከተማ፣ ወደ ጀጎል፣ በእግሩ ገባ። ሥራው ያለው ከኤረር በር ብዙ በማይርቅ ቤት ነው። ሰሚራ የምትባል ነጋዴ ያባቷን የድንጋይ ቤት ለእንግዳ ማረፊያ ታሳድሳለች። ኤልሳዕ ፕላኑን ይነድፋል፤ አርባ ዓመት በግንብ ሥራ ያሳለፉት ጋሽ ዓሊዪ ይሠራሉ። በኋለኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ለመታጠቢያ የሚሆን ግማሽ ሜትር የገባ ቦታ እንዲፈለፈል ፕላኑ ላይ ያዘዘው ኤልሳዕ ነው።

ሲደርስ ጋሽ ዓሊዪን ከግድግዳው ፊት ቆመው አገኛቸው። ቀዳዳው ከሲኒ አፍ አይሰፋም። ኤልሳዕ ጎንበስ ሊል ሲል ሽማግሌው ደረቱን በመዳፋቸው ያዙት።

«አትይ። እኔ አይቼ ይበቃል።»

«ምን አለ?»

«የጎረቤቷ የአዴ ሳዳ መደርደሪያ። ሳህናቸውን ሰበርኩ። ሳህኑስ ሳህን ነው። ሻሻቸውን አውልቀው ፀጉራቸውን ሲያበጥሩ ነው ዓይኔ የገባባቸው።»

ኤልሳዕ ወዲያው ገባው። የጀጎል ቤቶች ግድግዳ ይጋራሉ፤ አንዱ ግድግዳ ሁለት ጌታ አለው። ከወዲህ ሲታይ የሁለት ክንድ ውፍረት ያለው የሚመስለው ግንብ፣ ከወዲያ በኩል ጎረቤት ሳህንና መጽሐፍ የሚደረድርበት ጎድጓዳ ይኖረዋል። ጋሽ ዓሊዪ ይህን ስለሚያውቁ ነበር ከሦስት ሳምንት በፊት «ሐሙስ አዴ ሳዳን አስፈቅደን እንግባ፤ አንዳችን ከዚህ ያንኳኳ፣ አንዳችን ከዚያ መዳፉን ያሳርፍ፤ ሜትሩ ከዚያ በኋላ ነው» ያሉት።

ኤልሳዕም «ተለክቷል ጋሼ» ብሏቸው ነበር። ማን እንደለካው አልጠየቁትም። ሰው ተለክቷል ካለ ተለክቷል ማለት ነው ብለው አመኑት።

የለካው ሰው አልነበረም። ኤልሳዕ ቤቱን በስልኩ እየዞረ ቀርጾ፣ ቪዲዮውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚሠራ ፕሮግራም ሰጠው። ሁለት ሰው አራት ቀን የሚደክምበት ልኬት በአርባ ደቂቃ አለቀ። ፕሮግራሙ ያየውን ሁሉ ደግሞ በትክክል አይቶታል፤ ኤልሳዕ ስድስት ቦታ ላይ በሜትር አመሳክሮ ከአንድ ጣት በላይ ስህተት አላገኘበትም። ያላየውን ግን በተቆራረጠ መስመር ስሎ «ግምት» ብሎ ጽፎበታል። የኋለኛው ግድግዳ ከእነዚህ አንዱ ነበር።

ግምት ያለበት ፕላን ፈቃድ አያሰጥም። ኤልሳዕ የተቆራረጠውን መስመር ሙሉ አደረገው፤ «95 ሳ.ሜ.» ብሎ ጻፈበት፤ ግምት የሚለውን ቃል አጠፋ። ይህን ለማድረግ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። አሁን ከቀዳዳው ፊት ቆሞ በማሽኑ ሊያሳብብ ፈለገና አልቻለም። ማሽኑ አላውቅም ብሎ ነበር፤ አውቃለሁ ያለው እሱ ነው።

አዴ ሳዳ ሁለቱንም፣ ሰሚራንም ቤታቸው አስጠሯቸው። ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ከታችኛው መደብ ላይ ተቀመጡ። አሮጊቷ ከላይኛው መደብ ላይ ሻሻቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ቢላል ፕላኑን ከሰሚራ ተቀብሎ በጉልበቱ ላይ ዘርግቶታል።

«ጋሽ ዓሊዪ፣» አለ ቢላል፣ «እኛ ቤት ለመግባት እኮ በር አለ።»

ሰሚራ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። ጋሽ ዓሊዪ አልሳቁም።

«አውፍ በሉኝ አዴ ሳዳ። ወላሂ አላወቅሁም።»

«እንዴት አላወቅህም ዓሊዪ?» አሉ አዴ ሳዳ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። «ይህን መደርደሪያ ከባሌ ጋር የለሰንከው አንተ አይደለህም? ሌላ ሰው ቢሆን እሺ።»

«መደርደሪያው ጋ ሳይደርስ የሚበቃ ግንብ አለ ብዬ አመንኩ።»

«እዚህ ተጽፏል» አለ ቢላል ጣቱን ወረቀቱ ጥግ ላይ አድርጎ። «ልኬቱን የወሰዱ፦ ኤልሳዕ ወርቁ እና ግንበኛ ዓሊዪ ሀሚድ። ታዲያ የለካችሁት የኛን ቤት ነው የማንን?»

የጋሽ ዓሊዪን ስም የጻፈው ኤልሳዕ ነው። ነባር ግንበኛ የተሳተፈበት ልኬት በቶሎ ይጸድቃል። ሲጽፈው ግን ለራሱ የነገረው ሌላ ነበር፤ ሽማግሌውን አከበርኳቸው ብሎ ነበር።

ጋሽ ዓሊዪ ፊታቸውን ወደ ኤልሳዕ መለሱ። ብዙ አላዩትም፤ ወዲያው ዓይናቸውን ወደ ምንጣፉ አወረዱ።

አሁን መናገር ነበረበት። ይህን አውቆታል። የሚናገረውን ግን እንደ ፕላን ያስተካክለው ጀመር፤ ከየት ልጀምር፣ ፕሮግራሙን እንዴት ላስረዳ፣ ሰሚራ ሥራውን ብትነጥቀኝስ። ይህን ሲያሰላ አዴ ሳዳ ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ቀዳዳውን ድፈን። ከእንግዲህ ግን ዓሊዪ፣ በእኔ ግድግዳ ላይ እጅህን አታሳርፍ። ለጎረቤቱም እነግራለሁ።»

«እሺ» አሉ ጋሽ ዓሊዪ።

ኤልሳዕና ጋሽ ዓሊዪ ተነስተው ወጡ። መንገዱ ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስኬድም፤ ሽማግሌው ከፊት፣ ኤልሳዕ ከኋላ ሆኑ። ከመታጠፊያው ሳይደርሱ ጋሽ ዓሊዪ ቆሙ፤ ፊታቸውን ግን አላዞሩም።

«ስሜን አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አዎ።»

«የለካውስ?»

«ማንም። ስልክ ቀረጸው፣ ኮምፒውተር ገመተው። ግምት ነው ብሎኝ ነበር። እኔ አጠፋሁት።»

ጋሽ ዓሊዪ አሁን ዞረው አዩት።

«ለኔ ለምን ትነግረኛለህ? መስማት ያለባቸው አዴ ሳዳ ናቸው።»

«ጋሼ፣ እኔ...»

«እዚያ ቁጭ ብለህ ነበር እኮ። ምላስህም ነበረ።»

ኤልሳዕ ተመለሰ። ሲያንኳኳ ቢላል ከፈተና «ደግሞ ምን ቀረ፣ ጣሪያው?» አለው። ግባ አላለውም። ኤልሳዕ ደፍ ላይ እንደቆመ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ አንድ በአንድ ተናገረ። ጋሽ ዓሊዪ አልለኩም። እንለካ ብለው ነበር፤ ተለክቷል ብዬ ዋሸኋቸው። ስማቸውን ሳልነግራቸው ጻፍኩ። እዚህ ተቀምጬም ዝም አልኩ።

ከውስጥ የአዴ ሳዳ ድምፅ መጣ።

«ቅድም ስፈርድበት እየሰማህ ነበር?»

«እየሰማሁ ነበር።»

«ሱብሃነላህ» አሉ አሮጊቷ በለሆሳስ፤ ከዚያ በላይ አልተቆጡትም። ቢቆጡት ይቀለው ነበር። «ቢላል፣ ሂድና ዓሊዪን ጥራው። አሁን አውፍ በለኝ የምለው እኔ ነኝ። ይኸ ልጅ ይሂድ።»

ጋሽ ዓሊዪ መንገዱ ላይ እንደቆሙ ነበር። ቢላል እጃቸውን ይዞ ሲያስገባቸው በኤልሳዕ አጠገብ አለፉ፤ ደፉን ከመሻገራቸው በፊትም እንደ ሥራ ነገር፣ ያለ ቁጣ ጠየቁት።

«የሰሚራ ግድግዳ ከሦስት ቤት ጋር ነው። ሌሎቹስ ሁለቱ?»

ኤልሳዕ መልሱን ለማግኘት ወረቀቱን መክፈት አላስፈለገውም።

«እነሱም ግምት ነበሩ።»

«እንግዲያስ ሰዎቹ ቤታቸው ናቸው» አሉ ጋሽ ዓሊዪ። «እኔ አብሬህ አልሄድም።»

በሩ ተዘጋ። ኤልሳዕ መንገዱን ተከትሎ ዞረ። የመጀመሪያው ጎረቤት በር አረንጓዴ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ባጠገቡ ሲያልፍ በውስጡ ማን እንደሚኖር ጠይቆ አያውቅም። ስማቸውን ሳያውቅ የግድግዳቸውን ውፍረት ጽፏል፤ ሰማንያ ስምንት ሳንቲ ሜትር። እጁን አንስቶ አንኳኳ።

«ማነው?» አለች ሴት ከውስጥ።

ስሙን ተናገረ። ስሙን አታውቀውምና «ማነው?» ብላ እንደገና ጠየቀች።