በአሲድ የታጠቡ ጠርሙሶች

ያን ልጅ ገና ከመጀመሪያው ቀን ዓይኑን ማየት አልፈለግኩም። እኔ በኬሚስትሪ ላብራቶሪው አሥራ አምስት ዓመት ዕቃ ሳቀርብ የኖርኩ ቴክኒሻን ነኝ፤ እሱ የመመረቂያ ጥናቱን የሚሠራ ተማሪ ነው። ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ካፌ ድረስ ይንጎራደዳል። በሆዴ "ሊቁ" የሚል ስም አወጣሁለት። የጥናቱ ርዕስ በሰፈር ጉድጓዶች ውሃ ውስጥ ጨቅላ ሕፃናትን የሚጎዳ ናይትሬት አለ ወይ የሚል ነበር። ርዕሱስ ደግ ነው፤ ሠሪው ነው እንጂ የከፋው።

ከጉድጓዶቹ አንዱ ታላቅ እህቴ የምትቀዳበት ነው። እትዬ የሦስት ወር ልጅ አላት፤ ጡቷ ስለነጠፈ የዱቄት ወተት የምትበጠብጥለት በዚያ ውሃ ነው።

አንድ ጠዋት ሊቁ ጠርሙሶቹን ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ሲዘፈዝፍ አየሁት። በውሃ ውስጥ እርሳስ የሚባለውን ብረት ለሚለካ ሰው ደንቡ ነው፤ አሠራሩን ከሌላ ሰው ጥናት ገልብጦት ይሆናል። ናይትሬት የሚለካ ግን እንዲህ አጥቦ በደንብ ካላለቀለቀ መልሶ የሚለካው የገዛ አሲዱን ነው፤ አሲዱ ራሱ ናይትሬት አለበትና። ሊቁ አንዴ በቧንቧ ውሃ ለቅለቅ አድርጎ ደረደራቸው። ለማነጻጸሪያ የሚሆን አንድ ጠርሙስ ንጹሕ ውሃ እንኳ አላስቀመጠም። ልናገር ስል፣ ባለፈው ሳምንት "አንተ ዕቃህን እጠብ፣ ሳይንሱን ለእኛ ተወው" ያለኝ ትዝ አለኝና አፌን ዘጋሁ። ፈታኞቹ ፊት ሲዋረድ ለማየት ቋመጥኩ።

የት ይዋረዳል። አማካሪው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሠንጠረዡን ገለጥ ገለጥ አደረገና "አስደንጋጭ ውጤት" አለ። ጉድጓዱ ሁሉ ተመሳሳይ ቁጥር ማምጣቱ ያልከነከነው ሰው መምህር ይባላል። ፈታኞቹም አጨበጨቡ። ወረቀቱ ለጤና ጽሕፈት ቤት ተላከ፤ በሳምንቱ የእነ እትዬ ጉድጓድ ተቆለፈ።

በማግስቱ ከእትዬ ጀሪካን የተረፈውን የጉድጓድ ውሃ ወስጄ በንጹሕ ጠርሙስ ለካሁት። የሚጎዳ ናይትሬት አልነበረበትም። ውጤቱን ጽፌ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩ። የምረቃው ቀን ሲደርስ፣ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ ያን ጉረኛና አማካሪውን አንድ ላይ ላዋርዳቸው አስቤ ነበር።

ከምረቃው በፊት እትዬ ከሐኪም ቤት ደወለችልኝ። ከወንዝ እየቀዳች፣ ከሰል ሲያልቅባት ሳታፈላ እየበጠበጠች ስትሰጠው ልጁ ተቅማጥ ይዞት ነበር። ስደርስ ክንዱ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶለት እቅፏ ውስጥ ተኝቷል። እትዬ ያን ተማሪ ትመርቀው ጀመር፤ እሱ ባይደርስልን ልጄን በመርዝ ልጨርሰው ነበር አለች።

ምርቃቱን መስማት አቃተኝና ሁሉንም ነገርኳት፤ ጠርሙሱንም፣ መሳቢያውንም።

እትዬ ቀና ብላ አየችኝ።

"ጠርሙሱን ሲያጥብ አንተ የት ነበርክ?"

"አጠገቡ ቆሜ ነበር።"

ትንሽ እንድታርፍ ልጁን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠችኝም።