በስማቸው የተሰየመው ላቦራቶሪ

ካምፓሱ አርባኛ ዓመቱን ሊያከብር ሽር ጉድ ሲል ኮሚቴው አንድ ደንብ ነበረው፤ ሕንፃ የሚሰየመው በሞተ ሰው ስም ብቻ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ነገ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅማ! ስለዚህ አዲሱ ላቦራቶሪ በካምፓሱ የመጀመሪያ የኬሚስትሪ መምህር ስም ተሰየመ፣ እብነ በረዱም ተቀረጸ። ሰውየው ሞተዋል ወይ ብሎ የጠየቀ አንድም የኮሚቴ አባል አልነበረም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ በግቢው ያያቸው የለም፤ ለኮሚቴው ይኸው በቂ ነበር።

መምህሩ ግን ከካምፓሱ በር ማዶ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጅቱ እዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በኮንትራት ትሠራለች። ነገሩን እንደሰማች እየሮጠች ዲኑ ቢሮ ገባች።

«አባቴ በሕይወት አሉ እኮ!»

«እንኳን ደስ አለሽ» አላት ዲኑ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ። «ግን እብነ በረዱ ተቀርጿል፣ ሚኒስትሩም ተጠርተዋል። በሕይወት አሉ ከተባለ ሕንፃው ለሌላ ሰው ነው የሚሆነው። ያንቺ ቋሚ ቅጥርም የኔን ፊርማ እየጠበቀ ነው። አንድ ቀን ቤት ብታቆዪያቸው ምን ይጎዳል?»

ቤት ማቆየቱ አልሆነላትም። ሽማግሌውን ሕንፃው በስማቸው መሰየሙን ከጎረቤት ሰምተው፣ በበዓሉ ዕለት ጠዋት ጢማቸውን ተላጭተው፣ ክራባት አስረው በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። የከብት በረት በነበረ ክፍል ውስጥ፣ አሲድ በሻይ ብርጭቆ እየለኩ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ከዚያ ሌላ የሚኮሩበት ነገር የላቸውም። ክራባታቸውን አቃናችላቸው።

«እሺ አባባ፣ ግን ከኋላ ነው የምንቀመጠው። ምንም እንዳይናገሩ።»

«የሚያመሰግኑት እነሱ፤ እኔ ምን እናገራለሁ?» አሏት።

አዳራሹ ውስጥ ዲኑ የካምፓሱን ጥንካሬ ሲደረድር ቆየ፤ የምርምር ማዕከሉን፣ የምሩቃኑን ብዛት፣ ትልልቅ ቦታ የደረሱትን። በመጨረሻ የሽማግሌውን ሙሉ ስም ጠራና፣ «ይህን ቀን ሳያዩ ላለፉት መምህራችን የሕሊና ጸሎት እናድርግ» አለ። አዳራሹ ብድግ አለ።

የሽማግሌው ጆሮ ደከም ብሏል፤ ከንግግሩ የያዙት ስማቸውን ብቻ ነበር። በዚያ ጸጥታ መሃል እጃቸውን አንስተው «አቤት» አሉ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ሚኒስትሩም ዞሩ። ዲኑ ልጅቱ ላይ አፈጠጠ፤ እሷም የአባቷን እጅ ይዛ ወደ ታች ሳበችው።

«ይቅርታ» አለች፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ጎረቤቴ ናቸው፤ ትንሽ ይዘባርቃሉ።»

ይህን ግን፣ አጠገባቸው ስለነበረች፣ አጥርተው ሰሙት።