ከተራራው ጎን ያለችው ጠብታ

ቨርና ካድል እጇ የሚታመን ሴት ነበረች። አሜሪካ ውስጥ፣ ፍላግስታፍ ከተማ፣ ኮረብታ ላይ ባለው የካርታ ቢሮ ጨረቃን የሚስሉ ሌሎችም ነበሩ፤ እሷ የሳለችውን የጨረቃ ጉድጓድ ያየ ግን ጣቱን ሊከትበት ያምረዋል። የአፋፉን ጠርዝ፣ ወደ ውስጥ እየተናደ እርከን የሠራውን ግድግዳ፣ ለጥ ያለውን ወለል፣ ከመሃል ብቅ ያለውን ተራራ፣ ሁሉንም አየር በሚነፋ የቀለም መርጫ ቀስ እያለች ታወጣዋለች። ሲያሞግሷት ደግሞ ደስ ይላት ነበር፤ ምን ያስዋሻል።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ካርታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ መርጫው አንዲት ጠብታ ከመሃሉ ተራራ ጎን ተፋ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ መፋቅ፣ ካልለቀቀም በአዲስ ወረቀት መጀመር። ቀለሙ አልለቀቀም። ቨርና የስንት ጊዜ ልፋቷን እያየች አንጀቷ አልችል አለ። የጠብታዋን አንድ ወገን አነጣችው፣ በሌላው ወገን ጥላ ጨመረችላት፤ ጠብታዋም ደህና ትንሽ ጉድጓድ ሆና ቁጭ አለች። ኋላ ኢራ ያጣራው የለም ወይ ብላ ነገሩን በእሱ ላይ ጣለችው።

ኢራ ትሬድዌይ የቢሮው ሽማግሌ ተመልካች ነው። ሠዓሊ ከፎቶግራፍ የሳለውን ተመልካች በቴሌስኮፕ ሳያረጋግጥ አንዲት መስመር ወደ ማተሚያ ቤት አትሄድም፤ ፎቶግራፍ ያደበዘዘውን፣ አየሩ ረጋ ሲል ዓይን ያገኘዋልና። ኢራ በዚህ ለማንም አይራራም፤ ስንቱን ሠዓሊ በአንዲት ጥላ አስለቅሷል። ቨርና እንግዲህ ይይዘኛል ብላ ስትጠብቅ፣ ፈርሞ መለሰላት። ይባስ ብሎ፣ ከተራራው ጎን ያለችው ትንሿ ጉድጓድ ቁልጭ ብላ ታየችኝ አላት።

ካርታው የሚሄደው ጨረቃ ላይ ሰው ለማሳረፍ ለሚያስቡ ሰዎች ነው። ዝም ብትል ውሸቷ ይታተማል፤ ብትናገር ደግሞ ኢራ ያላየውን አየሁ ማለቱ ይጋለጣል። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ከዚያ ቴሌስኮፕ ሌላ ምን ቀረው? ጥፋቱ የእሷ ሆኖ ቅጣቱ የእሱ ሊሆን ነው። እንቅልፍ አጣች። ኮሪደር ላይ ሲመጣ ካየችው በሌላ በር ትገባ ጀመር።

ካርታው ወደ ማተሚያ ቤት በሚሄድበት ቀን፣ ኢራ ለብቻው ቼሪ ፓይ የሚባለውን የፍሬ ኬክ እየበላ ሳለ ካርታውን ይዛ መጥታ ፊቱ ዘረጋችና አጠገቡ ተቀመጠች።

"ሚስተር ትሬድዌይ፣ ያቺ ጉድጓድ የለችም" አለችው። "ቀለም ነው የተንጠባጠበብኝ። ጉድጓድ ያደረግኳት እኔ ነኝ።"

ኢራ ሹካውን አስቀመጠ። ይቆጣል ብላ ነበር፤ አልተቆጣም።

"ዓይኔ ከደከመ ቆየ፣ ልጄ" አለ። "አሁን የማየው ጠርዙንና ተራራውን ብቻ ነው። የቀረውን ካርታሽ ላይ አይቼ ነው አየሁ የምለው። አንቺ የሌለ ነገር አትስዪም ብዬ ነው። ውሸትም አልመሰለኝ።"

ቢመታት ይሻላት ነበር። ለአለቃቸው ለሚስተር ሆልኮም ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው እላለሁ፣ የእርስዎን ስም አላነሳም አለችው።

"ፊርማዬን ምን ልታደርጊው ነው ታዲያ?" አላትና ካርታውን ጠቅልሎ ተነሣ።

ሆልኮም ቢሮ ተከትላው ገባች። ኢራ ካርታውን ዘረጋና ጣቱን ጠብታዋ ላይ አደረገ። ዓይኑ እንደከዳው ተናገረ። ቀጥሎ ቨርና ያላሰበችውን አለ፤ እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ ብሎ ያስሳላት እሱ መሆኑን፣ እሷ ግን ፎቶግራፉ ላይ የለም ብላ እስከ ዛሬ እንደተከራከረችው።

ሆልኮም ለሽማግሌው ከልቡ አዘነ፤ ያም ሆኖ ከዛሬ ጀምሮ ቴሌስኮፑ ጋ መውጣት እንደሌለበት ነገረው። ኢራ ራሱን ነቀነቀና ኮቱን መልበስ ጀመረ። አንዱ እጅጌ አልገባ ብሎት ይታገላል።

"እንዳንቺ ያለ ታማኝ ሰው ነው የሚያስፈልገን፣ ቨርና" አለ ሆልኮም። "ሠዓሊዎቹ የሳሉትን ሁሉ ከእንግዲህ አንቺ ታረጋግጪዋለሽ።"

እውነቱን የመናገሪያዋ ሰዓት ይህቺ ነበረች። እሷም ታውቀዋለች፤ ቃሉም ምላሷ ላይ ነበር። ኢራ በሩን ከፍቶ ወጣ።

"አመሰግናለሁ" አለች ቨርና።